የሊቀመንበሩ ስኳር

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ በጀት ቀመር ስጽፍ የቆየሁ ሰው ዛሬ ስለ አንድ ድመት ሕመም ልጽፍ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ርእሱን አይታችሁ የአንድ ፓርቲ መሪ ታመመ ብላችሁ የገባችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሊቀመንበር የድመታችን ስም ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከቤቱ ወንበሮች ሁሉ ባለመደገፊያውን መርጦ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ በምርጫም ሆነ በሌላ መንገድ የሚያወርደው ኃይል ባለመገኘቱ ነው። (ልጄ በስሙ እስከ ዛሬ አልተስማማችም፤ እሷ "ውሮ" ትለዋለች።)

ወደ ቤታችን የመጣበትን ጊዜ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ የደረሰውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ዝርዝሩ የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። እኔም እንደ ብዙው ሰው ቤተሰቤን ይዤ በካራማራ በኩል ወጣሁ። የቤቱን ቁልፍ የሰጠሁት ለጎረቤታችን ለኤዶ ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው በዚሁ ስለሆነ እኔም ሌላ ስም አልጽፍም። ከወራት በኋላ ስንመለስ ቤታችን እንደ ተዘጋ ጠበቀን፤ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም። የጨመረ ነገር ግን ነበር። በግቢው በር ሥር አንድ አመድማ ግልገል ድመት ተኝቷል። "እሱም አብሮኝ ቤት ሲጠብቅ ነው የከረመው" አሉን ኤዶ። እንዲህ ያለውን ዘበኛ ማን ያባርራል?

ኑሮው እንደ ሀገሩ ሆነ። የጅጅጋ ድመት የሚበላው ሰው የሚበላውን ነው፤ ሰው ደግሞ ሩዝና ፓስታ ይበላል። በመረቅ የራሰ ሩዝ፣ ከልጆች ሳህን የተረፈ ፓስታ፣ ማለዳ ማለዳ ስኳር የገባበት ወተት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በሥጋ ቤት ሚዛን በጆንያ አስገብተን ስንመዝነው ሰባት ኪሎ ደርሶ ነበር። ይህን ለእንግዳ ሁሉ በኩራት እናወራ ነበር፤ በእኛ አገር መወፈር ገና የጤና ምልክት ነውና።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ጉንዳኖች መጡ። ሊቀመንበር የሚሸናበት የግቢው ጥግ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ ቀድሞ ነፍሳት የማይቀርቡት ቦታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ጠርታ አሳየችኝ፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ከአጥሩ ተነሥቶ ወደዚያው ይተማል። የጥንት ሕንድ ሐኪሞች ይህን በሽታ ጉንዳን በሚሰበስበው ሽንት ይለዩት እንደነበር ያን ጊዜ አላውቅም። ያስተዋልሁት ሌላ ነገር ነው። ድመት ውኃ እምብዛም የማይጠጣ ፍጡር ነው፤ ሊቀመንበር ግን ለአበባ የምናስቀምጠውን ባልዲ ሳይቀር ያጋምስ ጀመር። ይበላል፣ ነገር ግን ይከሳል። ዘሎ ወንበሩ ላይ መውጣት ተሳነው። የኋላ እግሮቹን ተረከዝ መሬት እያስነካ፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ እየጎተተ መሄድ ጀመረ።

ይህን ጥም አውቀዋለሁ።

በ1984 ዓ.ም. ጭልጋ ውስጥ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እንዲሁ ውኃ መጠጣት ጀመረ። እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ ትወርድበት ወደነበረው ምንጭ አራት ጊዜ ትወርድ ጀመር። "ጥም ገባበት" ተባለ። ጠበል ወሰዱት፤ ጠበሉን እንደ ጉድ ጠጣው፤ ለእምነቱ ጽናት ተመሰገነ። በሁለት ወር ውስጥ አጥንት ሆነ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። የበሽታውን ስም የነገረን አልነበረም። እኔ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የሕክምና ተማሪ የነበረ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ለፈተና የስኳር በሽታ ምልክቶችን ጮክ ብሎ ሲያጠና ሰምቼ ነው። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ጓደኛዬ የረበሸኝ ጩኸቱ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

በኋላ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የጎንደር ባልደረቦቻቸው፣ ከፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው፣ የስኳር ሕክምናን ከሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እጅ እንዲሰጥ አደረጉ። እነዚሁ ሰዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር የሚያገኟቸው ቀጫጭን ድሃ ወጣቶች ሕመም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ሌላ ዓይነት ስኳር ሊሆን አይችልምን ብለው የተዘጋ መዝገብ እንዲከፈት ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እንዲህ ላለው ሕመም "ዓይነት 5" የሚል ስም የተቀበለው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ወንድሜ የየትኛው ዓይነት ሕመምተኛ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። የዓይነቱ ቁጥር ምንም ይሁን፣ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ነበር።

ወደ ድመቱ ልመለስ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ባልደረባ አለኝ። የሚያክመው ግመል፣ ፍየልና በግ ነው፤ ድመት ይዤበት ስሄድ ሳቀ። "ዶክተር፣ ግመል ቢሆን መጠኑን በልበ ሙሉነት እነግርዎት ነበር" አለኝ። ይሁን እንጂ ሳቁን ጨርሶ መጽሐፍ ገለጠ። ከኤዶ በተዋስሁት የስኳር መለኪያ የሊቀመንበርን ጆሮ ጠርዝ ወግተን አንዲት ጠብታ ደም ወሰድን፤ 437 አለ። የጤነኛ ድመት ከ70 እስከ 150 ገደማ ነው። ለሰው የተሠራ መለኪያ በድመት ደም ላይ ከእውነተኛው አሳንሶ የማንበብ ጠባይ ስላለው እውነተኛው ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ባልደረባዬ እንዳስረዳኝ የድመት ስኳር በአብዛኛው የጎልማሶችን፣ ዓይነት 2 የሚባለውን ይመስላል። ወንድ መሆን፣ መወፈርና ዕድሜ ያጋልጣሉ። ድመት ሥጋ በል ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ ጉበቱም ቆሽቱም የተሰናዱት ለሩዝና ለፓስታ አይደለም። አንድ በጎ ዜናም ነበረው። ምግቡ ከተስተካከለና ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረ አንዳንድ ድመቶች ከነጭራሹ ከመርፌ ሊላቀቁ ይችላሉ።

የተሻለው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ እኔ ያገኘሁት ግን ኤን ፒ ኤች የሚባለውን፣ ደመና መሳይ ነጩን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት አንድ ዩኒት፣ ማታ 12 ሰዓት አንድ ዩኒት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ መርፌ ይዘጋጃል። ቆዳውን በትከሻው መካከል ቆንጠጥ አድርጎ መውጋት ከተፈራው በላይ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ሊቀመንበር እየበላ ስለሆነ ቀና ብሎም አያይም። የቸገረው መስፈሩ ነው። በገበያ ያለው መርፌ መስመሩ የሚቆጥረው በሁለት በሁለት ዩኒት ነው። አንድ ዩኒት ማለት በሁለት መስመሮች መካከል በዓይን ግምት የሚገኝ ባዶ ቦታ ነው። መነጽሬን ያስቀየርሁት በዚያ ወር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ሙያዬን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመንግሥት አስተዳደር መምህር ነኝ። በላፕቶፔ ላይ ሠንጠረዥ ከፈትሁ። ጠዋት ከመርፌ በፊት አንድ ልኬት፣ ማታ ከመርፌ በፊት አንድ ልኬት። ቁጥሩ 390 ከሆነ መጠኑን ወደ ሁለት ዩኒት ከፍ አደረግሁ። 410 ሲሆን ወደ ሦስት። ቁጥሩ በማመፁ ተናደድሁ፤ አራት። በስድስት ሳምንት ውስጥ አምስት ዩኒት ደረስሁ። በክፍል ውስጥ፣ ሪፖርቱ መጥፎ በመጣ ቁጥር እርምጃውን የሚያጠብቅ፣ እርምጃው ራሱ ሪፖርቱን ያበላሸው እንደሆነ የማይጠይቅ አስተዳደርን ለዓመታት ስተች የኖርሁ ሰው መሆኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ትዝ አላለኝም። ሠንጠረዡ ግን በጣም ያምር ነበር፤ ባለቀለም ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ለክፍል ልወጣ መጽሐፌን ስፈልግ፣ ሊቀመንበርን ከወንበሩ ሥር አገኘሁት። ከወንበሩ ላይ አይደለም፣ ከሥሩ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ዓይኖቹ ተከፍተው አያዩም። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ገባት፤ ማር በጣቷ አድርጋ ድዱን ቀባችው። (በአፍ መጋት አይገባም፤ ራሱን ያላወቀ እንስሳ ወደ ሳንባው ይገባበታል።) ሠላሳ ደቂቃ ያህል እንደዚያ እየቀባን ቆየን። መጀመሪያ ጆሮውን አነቃነቀ፣ ቀጥሎ ጣቷን ነከሳት፤ በመነከሷ አለቀሰች። ተማሪዎቼን በቤተሰብ ሕመም ምክንያት አልመጣም አልኋቸው። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

ባልደረባዬ ሠንጠረዡን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ "መካከሉ የት አለ?" አለኝ። እኔ የማውቀው የቀኑን ሁለት ጫፎች ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከተማው ለጁምዓ ሲረጭ፣ መጠኑን ወደ ሦስት ዝቅ አድርገን ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ለካን። ጠዋት 12 ሰዓት 380፤ 2 ሰዓት ላይ 270፤ 4 ሰዓት ላይ 92፤ 6 ሰዓት ላይ 51፤ 8 ሰዓት ላይ 160፤ 10 ሰዓት ላይ 330፤ ማታ 12 ሰዓት 405። እኔ 380ውንና 405ቱን አይቼ መድኃኒቱ አልሠራም ስል፣ መድኃኒቱ ቀትር ላይ ድመቱን ወደ ገደል አፋፍ ሲወስደው ኖሯል። ለዚህ ነገር ሁለት ማብራሪያ አለ። አንደኛው ሰውነት ስኳሩ ሲወርድበት ደንግጦ ከጉበት ስኳር ይለቃል የሚለው ነው፤ በሽታውን ባጠናው በባዮኬሚስቱ በሚካኤል ሶሞጊ ስም ይጠራል፣ በድመት ላይ የሚታሰበውን ያህል አይደጋገምም የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ኤን ፒ ኤች በድመት ደም ውስጥ 12 ሰዓት አይቆይም፣ በግማሹ ገደማ ያልቃል። ባልደረባዬ "የትኛውም ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ይቀንሱለት" አለኝ።

ቀነስን። ትልቁ ሥራ ግን ምግቡ ነበር። ሩዝና ፓስታ ቀርቶ የግመል ሥጋ፣ የፍየል ጉበትና በውጫሌ በኩል የሚገባ የቱና ቆርቆሮ (በውኃ ያለው፣ በዘይት ያለው አይደለም) ተተካ። እኛ ቤት አዋጁ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ሊቀመንበር የአንድ ቤት ድመት አለመሆኑ ነው። በአምስት ግቢ ይበላል። በየበሩ እያንኳኳሁ፣ እባካችሁ ድመቴ ስኳር ስላለበት ፓስታ አትስጡት አልሁ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ዶክተሩን ምን ነካው ብሎ አዘነ። ደግነቱ በዚህ ከተማ ድመት ክብር አለው፤ በእስልምና ንጹሕ እንስሳ ነው፣ በሰው መካከል የሚመላለስ የቤት ሰው ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ጉዳዩን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ዘመቻ ያዙት። አንድ ሽማግሌ የግመል ወተት እንድሰጠው መከሩኝ። ነገሩ እንዲሁ ተረት አይደለም፤ በሕንድ ራጃስታን የግመል ወተት በሚጠጡ የራይካ አርቢዎች ዘንድ ስኳር እምብዛም እንደማይታይ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለድመት ግን የወተቱ ስኳር ይቀድማል። ሊቀመንበር በበኩሉ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ከጎረቤት ሠርግ ላይ የማካሮኒ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ ተያዘ፤ የዚያን ማታ ቁጥሩ 466 ነበር።

በመጋቢት መጠኑ ጠዋትና ማታ ወደ አንድ ዩኒት ተመለሰ። ተቆጣጠርሁት አልልም። ሁለት ሳምንት 200ዎቹ ውስጥ ይቆይና ያለ ምክንያት 380 ይሆናል። ከዚያ ምክንያቱ ይገኛል፦ ሚያዝያ ላይ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ ነበር፤ ተነቀለ፣ ቁጥሩ ወረደ። የታመመ ጥርስ፣ የሽንት ፊኛ ቁስለት፣ ድንጋጤ ሁሉ ኢንሱሊንን ያዳክማሉ። በእንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ስኳር ካለባቸው ድመቶች ከአራቱ አንዱ ገደማ በጭንቅላት ሥር ባለች ዕጢ ምክንያት የእድገት ሆርሞን የሚበዛበት ነው ይላል። ያን መመርመር እዚህ አይታሰብም፤ ሀሳቡን ተውሁት።

አሁን እስካሁን የሸሸሁትን ልናገር።

መድኃኒት ቤት የሄድሁ ዕለት ባለሙያዋ "ለማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከኋላዬ ሰዎች ተሰልፈዋል። "ለእናቴ" አልሁ። እናቴ ጎንደር ናት፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ ከጉልበቷ በቀር ምንም የላትም። ባለሙያዋ ትጉህ ልጅ ነች። በሚቀጥለው ወር "እናትዎ እንዴት ናቸው?" አለች። ደኅና ናቸው አልሁ። እግራቸውን በየማታው እንዲያዩ ንገሯቸው፣ ባዶ እግራቸውን አይሂዱ አለች። እነግራቸዋለሁ አልሁ። እንዲህ ሆኖ የእናቴ ሕመም በየወሩ እየጸና ሄደ፤ አንድ ጊዜ ስንት ዩኒት እንደምትወስድ ስትጠይቀኝ "አንድ" ለማለት አፍሬ "ሃያ" አልሁ።

ራሴን የማጽናናበት ክርክር ነበረኝ። ዶክትሬት የያዘ ሰው ክርክር አያጣም። በ1889 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ ስኳር ከቆሽት እንደሚመጣ ያወቁት የውሻ ቆሽት አውጥተው ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ያገኙት በውሾች ላይ ሠርተው ነው። ሰው ሠራሹ የሰው ኢንሱሊን በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ እስኪወጣ ድረስ ስድሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ የኖረው ከቄራ በመጣ የከብትና የዓሣማ ቆሽት ነው። እንግዲህ እንስሳት ከሰጡን ጥቂቱ ለአንድ ድመት ቢመለስ ምን አለበት? አግኚዎቹስ የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ያስተላለፉት መድኃኒቱ ለሁሉ እንዲዳረስ አልነበረምን? ዛሬ የዓለምን የኢንሱሊን ገበያ ከ90 በመቶ በላይ ሦስት ኩባንያዎች መያዛቸው የእኔ ጥፋት ነውን? እንዲህ እያልሁ እከራከር ነበር። ክርክሩ ስህተት የለበትም። ነገር ግን በየአራት ሳምንቱ አንድ ነገር አደርግ ነበር። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። ሊቀመንበር በቀን ሁለት ዩኒት፣ በ28 ቀን 56 ዩኒት ይወስዳል። የተከፈተ ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በኋላ አይጠቀሙበትም ተብሎ ተጽፎበታል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር 944 ዩኒት ኢንሱሊን በማድ ቤቱ ፍሳሽ እደፋ ነበር። ስደፋ ሌላ ነገር ለማሰብ እሞክር ነበር። ከጭልጋ የመጣ ሰው ይህን ሲያደርግ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ስለ ፖሊሲው በዚህ ገጽ ሦስት ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ አልደግመውም። በምገዛበት መድኃኒት ቤት የኢንሱሊን ዋጋ ጨመረ፤ መስከረም ላይ ጭራሹን ጠፋ ተባለ። ባለሙያዋ ግን አንድ ብልቃጥ ለእናቴ ደብቃ አስቀምጣልኝ ነበር። ወሰድሁ። አመሰገንሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ማታ፣ ከመግሪብ ትንሽ ቆይቶ፣ ኤዶ በር አንኳኩ። በአንድ እጃቸው የግመል ወተት የያዘ ጀሪካን ይዘዋል፤ በሌላው ግድግዳውን ደገፍ ብለዋል። ገና ሳይቀመጡ "መዓሊን፣ ይህ ጎረቤት አይደለም!" አሉኝ በቁጣ። "እናትህ እንደዚህ ታመው፣ እኔ ከባዳ ሰው ልስማ?" ለካ ኢንሱሊን ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ ነው የሰነበቱት። ካለቀባቸው አራተኛ ቀናቸው ነው። በመጨረሻው መድኃኒት ቤት "የነበረንን አንድ ዶክተሩ ለእናታቸው ወሰዱት" ተብሎ ተነገራቸው። ዶክተሩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቅሬታቸው መድኃኒቱን ስለመውሰዴ አልነበረም። እናት ይቀድማል። ቅሬታቸው ስላልነገርኋቸው ነው። ወተቱ ለእናቴ የተላከ ነበር።

ባለቤቴ አየችኝ። ልጄም አየችኝ። ሊቀመንበር ወንበሩ ላይ ነበር።

ወደ ፍሪጁ ሄጄ ያልተከፈተውን ብልቃጥ አወጣሁና በኤዶ እጅ ላይ አስቀመጥሁት። "ለእናቴ አይደለም" አልኋቸው። "ለድመቱ ነው።" እንዳልሰሙኝ አዩኝ። ደገምሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

"ስንት ይወጋል?"

"አንድ።"

"አንድ ምን?"

"አንድ ዩኒት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።"

ኤዶ በቀን ሠላሳ አራት ዩኒት ይወስዳሉ። ሳቃቸው መጣ፤ ከድካማቸው ጋር ተደባልቆ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ቀሪውንስ?" አሉ።

"እደፋዋለሁ።"

የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ባላይ እመርጥ ነበር። አልተቆጡም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ቁልፉን ስትሰጠኝ እንዲህ አልተነጋገርንም።" ብልቃጡን ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ተመልሰው መጡ። አንድ ሌላ ብልቃጥ ይዘዋል፤ ከወር በፊት የከፈቱት፣ ከታች ጥቂት የቀረበት። ኤዶ ነገር አይጥሉም። ደገሃቡር ሲኖሩ፣ ፍሪጅ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ማሰሮውን በእርጥብ አሸዋ ላይ አድርገው ያቆዩ ነበር። (ይህን እንደ ባላገር ዘዴ የሚንቅ ካለ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ፣ በዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ ያደረጉትን በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያንብብ፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ ኢንሱሊን አራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ አሳይቷል።) "የድመት ድርሻ ከገበታ የተረፈው ነው" አሉኝ። "ለምን ለብቻው ገበታ ትዘረጋለታለህ?"

ባልደረባዬን ጠየቅሁት። አሰበበትና ለሰው አራት ሳምንት ያለፈው ብልቃጥ በቅዝቃዜ ከተቀመጠ፣ እብጠት መሳይ ቅንጣት ካልታየበት፣ ግድግዳው ላይ ካልተጣበቀ፣ ለድመቱ ሊሞከር ይችላል አለ፤ ቁጥሩን እያየን። ሁለት ጥብቅ ሕግ አወጣ። መርፌው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ብልቃጡም ከሰው ወደ ድመት እንጂ ከድመት ወደ ሰው በምንም ምክንያት እንዳይመለስ። ኤዶ በ28 ቀን ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ያህል ይወስዳሉ፤ የሚተርፈው ሃምሳ ገደማ ነው፤ ለሊቀመንበር ለአንድ ወር ጥቂት ቢጎድል ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ ለድመት ብዬ አንድም ብልቃጥ አልገዛሁም። የኤዶን ብልቃጥ ዋጋ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፤ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ የሊቀመንበር ድርሻ ነው ስላቸው እሺ አሉ።

መድኃኒት ቤትም ሄጄ ተናገርሁ። ይህኛው ከኤዶ ይልቅ ከበደኝ። ባለሙያዋ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ አልሳቀችም። መዝገቧን አውጥታ በዚያ በመስከረም የመለሰቻቸውን ሰዎች ቆጠረች፤ ድምፅ አላሰማችም፣ ጣቷ ግን ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ አየሁ። ሰባት ላይ ቆመ። መዝገቡን ዘጋችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። ለወራት አላናገረችኝም፤ መብቷ ነው። በቅርቡ ለኤዶ ስገዛ ግን፣ ብልቃጡን እየጠቀለለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ "እናትዎ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል አልኋት፤ እውነቴን ነው።

ሊቀመንበር ከመርፌ አልተላቀቀም። ብልቃጥ ከብልቃጥ እስኪገናኝ በሚጎድሉት ቀናት የማታውን ብቻ እንወጋለን፤ ባልደረባዬ አይወደውም፣ ይታገሠዋል። አምስት ኪሎ ተኩል ላይ ቆሟል። ተረከዙ ከመሬት ተነሥቷል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ነገር ግን ወንበሩ ላይ በሁለት ሙከራ ይወጣል። ሠንጠረዡን ልጄ ተረክባዋለች፤ ቀለሙን አጥፍታዋለች፣ መካከሉንም ትለካለች። ትናንት ማታ 243 ነበር። ይህን ስጽፍ አዛኑ ጀምሯል፤ ኤዶ ከአጥሩ ማዶ "መዓሊን፣ ወግተኸዋል?" እያሉ ነው። ልነሣ።

ቸር እንሰንብት።